ከፍታ ለማን?
(በዓሣ መርከብ ላይ ስለሚሠራው የሄሊኮፕተር አብራሪና ስለ እኛ)

መጋቢት 5 የአቦ ዓመታዊ በዓል ነው። መካኒሳ አቦ ሠፈር ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ይህን ቀን ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ አያስፈልገንም። ገና ሳይነጋ ነጭ የለበሰው ምእመን መንገዱን ይሞላዋል፤ ጧፍ ሻጩም፣ ቆሎ ሻጯም፣ የታክሲ ረዳቱም በጊዜ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። በዓሉ ግን ምንጊዜም የሚውለው በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሆነ ሥጋና ቅቤ የለም። ዘንድሮም ከንግሡ መልስ አንዲት ክፍል ውስጥ ታጭቀን ሳለን ሽሮ የሰለቸው ጓደኛችን ከባለሱቁ ሁለት ጣሳ ቱና ይዞ ከች አለ። የተለመደው ክርክር ወዲያው ተነሣ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም? ግማሻችን «አባቶቻችን ይበሉ ነበር» ስንል፣ ግማሻችን «ኧረ ተው፣ በአቦ ቀን!» አልን።

ክርክሩ ሲጋጋል ጣሳውን ዝም ብሎ ሲያገላብጥ የቆየ አንድ ጓደኛችን ያልታሰበ ጥያቄ ጣለ። «የታሸገው ታይላንድ ነው ይላል። ዓሣው ግን የመጣው ከውቅያኖስ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል ይህን ዓሣ መጀመሪያ ያየው ማነው?»

ሳቅን። ቆይተን ስናስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አዝማቾች ብዙ ተምረናል፤ ገበታችን ላይ የቀረበውን ምግብ ማን ፈልጎ እንዳገኘው ግን ያስተማረን የለም። እነሆ ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ ተነሣ። መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው ሰው በመርከብ አናት ላይ ከታሰረች ትንሽ ሄሊኮፕተር ውስጥ የተቀመጠ ደመወዝተኛ አብራሪ ነው። ቱና ሁሉ በእርሱ ዓይን የሚገኝ ባይሆንም፣ ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ገደማ በትላልቆቹ መርከቦች ላይ የሰማዩን ዓይን የያዘው እርሱ ነበር። ታሪኩን ስንከተል ደግሞ ተመልሰን የመጣነው ወደ ራሳችን፣ ከመካኒሳ አለፍ ብሎ ወዳለው ወደ አሮጌው አይሮፕላን ማረፊያ ነው። እንዴት እንደሆነ ቀጥሎ እናያለን።

፩. ዓይንን ከፍ የማድረግ ታሪክ

የዓሣ አጥማጅ ችግር ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው። ውሃው ሰፊ ነው፤ ዓሣው አይታይም። ስለዚህ በየአገሩ ያለው አጥማጅ በምልክት ሲሠራ ኖሯል፤ ወፎች የሚያንዣብቡበትን፣ ውሃው ያለ ነፋስ የሚርበደበድበትን፣ ግንድ የሚንሳፈፍበትን ያያል። ምልክቱን ከሩቅ ለማየት ደግሞ ከፍ ማለት ያስፈልጋል። በመርከብ ምሰሶ ጫፍ ላይ ሰው የማውጣት ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። ምሰሶ ላይ የወጣ ሰው ግን የሚያየው ጥቂት ማይል ነው።

በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሳን ዲየጎ ወደብ፣ ከፖርቱጋል፣ ከኢጣልያና ከጃፓን የፈለሱ ቤተሰቦች እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ቱናን የሚያጠምዱት በዘንግና በመንጠቆ ነበር። ሕያው ትናንሽ ዓሦችን ወደ ባሕሩ እየበተኑ ትልልቆቹን ወደ መርከቡ ጥግ ይስባሉ፤ ከዚያም በጉልበታቸው አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ኋላቸው ይወረውራሉ። አንዳንዱ ቱና ከመክበዱ የተነሣ ሁለትና ሦስት ሰው አንድ መንጠቆ ላይ ዘንጉን አስተባብሮ ይጎትት ነበር። ይህ የክንድ ሥራ ነው።

በዚያው አሥር ዓመት ሁለት ነገሮች መጡ። አንደኛው የማይበሰብሰው የናይሎን መረብ ነው። ሁለተኛው ማሪዮ ፑራቲች የተባለ ከክሮኤሺያ የፈለሰ አጥማጅ የፈጠረው፣ መረብን በሞተር ኃይል ከባሕር የሚጎትት መዘውር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ በሳን ዲየጎ ያሉት የመንጠቆ መርከቦች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ መረብ መርከብነት ተለወጡ። መረቡ የሚሠራው እንደ ኮሮጆ ነው። አንዲት ብርቱ ጀልባ አንዱን ጫፍ ይዛ ትቆማለች፤ መርከቡ መረቡን እያራገፈ የዓሣውን መንጋ ይዞራል፤ ክቡ ሲገጥም ከሥር ያለው ገመድ እንደ ኮሮጆ አፍ ይሳብና ይዘጋል። የዛሬው መረብ ርዝመቱ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጥልቀቱ ከ100 ሜትር በላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጥሎ ብዙ አሥር ቶን፣ ሲቀናው ከዚያም በላይ ያወጣል።

እንግዲህ ልብ እንበል። መረቡ ሲያድግ መርከቡ አደገ፤ መርከቡ ሲያድግ ዕዳውና የነዳጁ ወጪ አደገ፤ ወጪው ሲያድግ ባዶ የሚውል ቀን የማይቻል ሆነ። ክንድን መዘውር ተካው። ዓይንን ማን ይተካው? መልሱ ሄሊኮፕተር ሆነ።

ሄሊኮፕተር ያን ጊዜም አዲስ ነገር አልነበረም። ኪየቭ ተወልዶ አሜሪካ የገባው ኢጎር ሲኮርስኪ እ.ኤ.አ. በ1939 የራሱን ሠርቶ ከመሬት አንሥቷል። ቤል 47 የተባለችው ትንሽ ሄሊኮፕተር ደግሞ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1946፣ ማለትም የካቲት 29 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ለሲቪል አገልግሎት ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቱና መርከቦች እንዲህ ያሉ ሄሊኮፕተሮችን በመሪ ክፍላቸው ጣሪያ ላይ መሸከም ጀመሩ። ቆይቶ ሂዩዝ 500፣ ከዚያም ርካሾቹ ሮቢንሰን አር 22 እና አር 44 ቦታውን ያዙት። ከአር 22 አንዷ ዓይነት ጭራሽ «ማሪነር»፣ ባሕረኛዋ፣ ተብላ በእግሮቿ ፈንታ በአየር የተሞሉ ተንሳፋፊዎች ተደርገውላት ተሠራች።

የዚህ ከፍታ የመጀመሪያ ሒሳብ የተከፈለው በዶልፊኖች ነው። በምሥራቃዊው ፓሲፊክ ትልልቁ ባለ ቢጫ ክንፍ ቱና ከዶልፊን መንጋ ሥር መዋኘት ይወዳል፤ ዶልፊን ለመተንፈስ ብቅ ስለሚል ከላይ ይታያል። ስለዚህ ዶልፊኑን አሳድዶ መክበብ ዓሣውን መክበብ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚህ ዘዴ ከ6 ሚሊዮን በላይ ዶልፊኖች በመረብ ውስጥ ታፍነው እንዳለቁ ይገመታል። አብራሪው ከላይ ሆኖ መንጋውን ያገኛል፤ ፈጣን ጀልባዎችን በሬዲዮ ይመራል፤ አንዳንዴም ዝቅ ብሎ በድምፁና በነፋሱ ራሱ ይነዳል። አሜሪካ በ1972 (እ.ኤ.አ.) የባሕር አጥቢዎችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ በ1990 ደግሞ ታላላቆቹ የአሜሪካ የቱና አሻጊዎች ዶልፊን ተከብቦ የተያዘ ዓሣ አንገዛም አሉ። በብዙ የቱና ጣሳ ላይ የምትታየው ያቺ ትንሽ የዶልፊን ሥዕል የዚህ ሁሉ ታሪክ ማኅተም ናት። እኛ ጌጥ መስላን ነበር።

፪. ደመወዝተኛው ንሥር

አብራሪ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን የሚመጣው የታጠበና የተተኮሰ ዩኒፎርም ነው። የዓሣ መርከቡ አብራሪ ግን ቁምጣና ሸራ ጫማ አድርጎ፣ ከዓሣ ሽታና ከናፍጣ ጭስ ጋር የሚውል ሠራተኛ ነው። ዛሬ ከዓለም የቱና ምርት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከምዕራባዊውና ከመካከለኛው ፓሲፊክ ስለሆነ ሥራውም በብዛት ያለው እዚያ ነው። መርከቡ የአንድ አገር፣ ካፒቴኑ የሌላ አገር፣ መረብ ጎታቹ የፊሊፒንስ ወይም የኢንዶኔዥያ፣ አብራሪው ደግሞ የሌላ አገር ሰው ሊሆን ይችላል። የሚግባቡት በተሰባበረ ቋንቋና በእጅ ምልክት ነው። የመርከቡ ሆድ ዓሣ እስኪሞላ ድረስ መሬት አይረገጥም። ሳምንታት ይሄዳሉ፤ አንዳንዴም ወራት።

እስቲ አንድ ቀኑን እንከተለው። ጎሕ ሲቀድ መካኒኩ ሄሊኮፕተሯን ጠፍረው ያሳደሯትን ገመዶች ይፈታል። ማረፊያዋ ጠባብ ወለል ነው፤ ከፊቱ ምሰሶ፣ ከጎኑ የሬዲዮ ዘንጎች፣ ከኋላው የመረብ ክሬን አለ። ይህ ወለል አንድም ጊዜ ጸጥ ብሎ አይቆምም፤ በማዕበሉ ልክ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ይላል። አብራሪው የማዕበሉን ትንፋሽ ቆጥሮ፣ መርከቡ ለጥ የሚልባትን ቅጽበት ጠብቆ ይነሣል። አንድ ገመድ ሳይፈታ ተረስቶ ከሆነ ሄሊኮፕተሯ ተገልብጣ ትወድቃለች፤ በዚህ ሥራ እንዲህ ያለ አደጋ የታወቀ ነው።

ከጎኑ ዓሣ ፈላጊው ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ካፒቴኑ ራሱ ወይም የዓሣ አዛዡ ነው። ሁለቱ መነጽር ይዘው ሁለትና ሦስት ሰዓት ያህል ውሃ ብቻ ያያሉ። ወፍ አለ? ውሃው እንደ ድስት የሚፈላበት ቦታ አለ? ግንድ ይንሳፈፋል? የተገኘ እንደሆነ መርከቡ ይጠራል፤ መረቡ ሲጣል ደግሞ ሄሊኮፕተሯ ከላይ ሆና መንጋው በየት በኩል ሊያመልጥ እንደፈለገ ትናገራለች። መረቡ ሳይዘጋ ዓሣው በክፍተቱ እንዳይወጣ ዝቅ ብላ ውሃውን በክንፎቿ ነፋስ ትመታለች።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ግን መመለሱ ነው። የምድር አብራሪ አይሮፕላን ማረፊያው ከተወበት ቦታ አይነቃነቅም። የዚህ ሰው ማረፊያ ግን ራሱ ይሄዳል፤ ተነሥቶ የሄደበት ቦታ ሲመለስ የለም። በመካከል ዝናብ ከጋረደው፣ ሬዲዮው ከተበላሸ፣ ነዳጁ ካነሰ ሌላ የሚያርፍበት ዘመድ የለውም፤ ያለው ውሃ ነው። ማታ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ ጨው። ጨው ለብረቱም ለአሉሚኒየሙም ነቀርሳ ስለሆነ ሞተሩና አካሉ በየቀኑ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። በባሕር መካከል ንጹሕ ውሃ ደግሞ በልክ የሚሰፈር ነገር ነው።

ክፍያውስ? ብዙውን ጊዜ የወር ደመወዝ አለ፤ በላዩ ላይ በሚያዘው ቶን ልክ የሚታሰብ ጉርሻ ይጨመራል። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ከጎኑ የተቀመጠው አዛዥ «አንድ ዙር ብቻ እንጨምር» ሲል የነዳጁን መርፌ የሚያየው አብራሪው ነው። «በቃ፣ እንመለስ» የማለት ሥልጣን በደንብ የአብራሪው ነው፤ ውሉን የሚያድሰው ግን አብራሪው አይደለም። ከፍ ብሎ የሚበረው ሰው ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያያል፤ የሚያየው ነገር ግን አንዱም የራሱ አይደለም። ንሥር ነው፤ ግን ደመወዝተኛ ንሥር። ዓይኑን በቶን የሸጠ ሠራተኛ ነው ብንል አናጋንንም።

፫. የኛዋ እናት መርከብ

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢያችን «ባሕር የሌለን ሰዎች ምን አገባን?» ሊል ይችላል። እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን መርከብና አይሮፕላን አንድ ላይ የተገናኙበት ታሪክ ለኛም ሩቅ አይደለም።

የኢትዮጵያ የባሕር ኃይል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ማዕከሉም ምጽዋ ነበር፤ በማሠልጠኑም የኖርዌይ መኮንኖች ብዙ ደክመዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) ባሕር ኃይሉ ከአሜሪካ አንዲት ትልቅ መርከብ ተረከበ፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ። የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና ለ30 ዓመት ያህል አገለገለች። በሥዕል ያየናት ሁሉ የጦር መርከብ ብቻ ትመስለናለች። የተሠራችው ግን ለሌላ ሥራ ነበር። የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ከመሥሪያ ቤቷ ወደ ውሃ የወረደችው የአይሮፕላኖች እናት መርከብ እንድትሆን ነው። ውሃ ላይ ለሚያርፉ፣ ባሕሩን ከላይ ሆነው ለሚቃኙ አይሮፕላኖች ነዳጅ ትሰጣለች፤ ትጠግናቸዋለች፤ አብራሪዎቻቸውን ታሳድራለች፤ በክሬኗ ከውሃ ታነሣቸዋለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለችው በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ባሕር አካባቢ ነው። ዛሬ የቱና ሄሊኮፕተሮች ዓሣ ፍለጋ የሚዞሩትም በዚያው በምዕራባዊው ፓሲፊክ ነው።

እንግዲያው ነገሩን በአንድ ላይ አሰባስበን እንየው። ከሰማይ ባሕርን ለሚያይ ዓይን ተብላ የተሠራች መርከብ ነበረችን። ምጽዋም ተራ ወደብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1954 በዚያ ዳርቻ የተያዘው ዓሣ ወደ 25 ሺህ ቶን ደርሶ ነበር፤ አብዛኛው ከዳርቻው በመረብ የሚጎተት ትናንሽ ዓሣ ሲሆን፣ ደርቆና ተፈጭቶ የከብትና የዶሮ መኖ ሊሆን ወደ ውጭ ይላክ ነበር። አብራሪም ነበረን፤ የአየር ኃይሉ ትምህርት ቤት በቢሾፍቱ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። መርከብ፣ ወደብ፣ አብራሪ። ሦስቱም በአንድ ዘመን በአንድ መንግሥት እጅ ነበሩ። ግን አልተገናኙም።

ለምን? የዓሣው ሥራ ከ1954 ወዲህ ቁልቁል ሄደ። ገበያው ተዳከመ፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1975 የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፤ ከሁሉም በላይ በኤርትራ ጦርነት ተነሣ። የባሕር ኃይሉ ዓይን ዓሣ ሳይሆን ጠላት ፈላጊ ሆነ። ለዳርቻው አጥማጅ መርከቧ ከሩቅ የምትታይ የመንግሥት ጥላ እንጂ የሥራ ባልደረባ አልነበረችም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ሠራተኞቿን ይዛ ወደ የመን ሸሸች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረታ ብረትነት ተሸጠች። በዚያው ዓመት፣ በ1985 ዓ.ም.፣ ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች፤ እኛም ወደብ አልባ ሆንን። የአንዲት መርከብ ዕድሜና የአንድ ዘመን ፖለቲካ አብረው እንዲህ ያልቃሉ።

፬. ከልደታ ሜዳ የሚነሣ ጥያቄ

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ከመካኒሳ አለፍ ብሎ «አሮጌው ኤርፖርት» የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከልደታ አይሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ከላይ እንደጠቀስነው ቤል 47 ፈቃድ ባገኘች ልክ በወሩ። አየር መንገዱ ጄት ሲገዛ የልደታ ሜዳ አጭር ሆነበትና ቦሌ ተሠራ፤ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. የቦሌ አዲሱ ሜዳና የመቆጣጠሪያ ማማው ሥራ ላይ ውለው ነበር። የልደታው ሜዳ ከዚያ በኋላ ለጦር ሠራዊቱ አገለገለ። የዚህ ሠፈር ሽማግሎች ሄሊኮፕተር ሲሉ በልባቸው የሚመጣው ወታደር ነው። የአገራችን ገበሬም እንደዚሁ። የሄሊኮፕተር ድምፅ ሲሰማ ሕፃናቱን ወደ ቤት የሚያስገባ አገር ብዙ ነው።

ነገር ግን ከፍታ በኛ አገር ለሕይወት የዋለበት ጊዜም አለ፤ ይህን መርሳት ግፍ ይሆናል። የአየር ኃይሉን መሠረት ካቆሙት ስዊድናውያን አንዱ የነበረው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1960ዎቹ ረሀብ ተመልሶ መጥቶ፣ መንገድ በማይደርስበት አገር ከትናንሽ አይሮፕላኖች ላይ እህል ይጥል ነበር። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሞተው በጎዴ በጦርነቱ መካከል ነው። በ1977ቱ ረሀብ ደግሞ ከፖላንድ የመጣ የሄሊኮፕተር ቡድን በተራራው ላይ አስቀድሞ እያረፈ ቦታውን ያመቻችና ምልክት ያደርግ ነበር፤ ትልልቆቹ የጭነት አይሮፕላኖች እህሉን የሚጥሉት ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚያይ ትንሽ ሄሊኮፕተር፣ ተከትሎ የሚመጣ ትልቅ አካል። የቱናው መርከብ አሠራር ግልባጭ አይደለምን? ልዩነቱ አንዱ ለመሰብሰብ፣ አንዱ ለመበተን መሆኑ ነው።

ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ አንበጣ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተቋቋመበት ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በ2012 ዓ.ም. መንጋው በአገራችን ሰማይ ላይ ሲወርድ ሄሊኮፕተሮችና አይሮፕላኖች ለቅኝትና ለርጭት ተሰማርተው ነበር። የአንበጣ አብራሪ ሥራ ከቱናው አብራሪ ሥራ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው፤ በሰፊ አገር ላይ የሚንቀሳቀስ መንጋ መፈለግ፣ ያረፈበትን ማወቅ፣ ቦታውን በሬዲዮ መናገር። ገበሬው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ሲያባርር ከላይ ያለው ዓይን የራሱ ወገን እንደሆነ ያን ጊዜ አየ። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ከፍታ ምን ጊዜም አንድ ነው፤ ማሽኑም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የተላከው ለማን እንደሆነ ነው።

፭. ዓይን ያለ ሰው

የታሪኩ የመጨረሻ ምዕራፍ ይበልጥ ያሳስበናል። ለኛ በሚቀርበው በሕንድ ውቅያኖስ የፈረንሳይና የስፔን የቱና መርከቦች ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሲሸልስ ወደብ እየተመላለሱ ያጠምዳሉ። መንግሥቷ የፈረሰባት ሶማልያ ባሕሯን የሚጠብቅላት ስላልነበረ የውጭ መርከቦች በውሃዋ እንደልባቸው ሠሩ፤ በኋላም የባሕር ላይ ወንበዴነት ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2009 «አላክራና» የተባለችው የስፔን ቱና መርከብ ከ36 ሠራተኞቿ ጋር ተይዛ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ቆይታለች። ወንበዴነቱን የምናወድስበት ምክንያት የለንም፤ ግን ከፍ ብሎ የሚያይ ዓይን የሌለው ሕዝብ የሚዘረፈው ሳያይ መሆኑን ታሪኩ ይነግረናል።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) የሕንድ ውቅያኖስ ባለ ቢጫ ክንፍ ቱና ከአቅሙ በላይ መጠመዱ በጥናት ተገለጸ። በተከታዩ ዓመት የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን አይሮፕላንንም ሆነ ሰው አልባ በራሪን ለዓሣ ፍለጋ መጠቀምን ከለከለ። ይህም ማለት የሰው ልጅ ራሱ «ይህ ዓይን ከሚገባው በላይ ያያል» ብሎ ፈረደ ማለት ነው። ይሁንና ዓይኑ አልጠፋም፤ መልኩን ለወጠ። ዛሬ መርከቦች በባሕሩ ላይ ሺህ በሺህ ተንሳፋፊ ራፎችን ይለቃሉ፤ ዓሣ ከጥላቸው ሥር ይሰበሰባል። በእያንዳንዱ ላይ የታሰረው መሣሪያ ከሥሩ ስንት ዓሣ እንዳለ በድምፅ ሞገድ ለክቶ በሳተላይት ይናገራል። ደመወዝ አይጠይቅም፤ ነዳጅ አነሰ አይልም፤ «በቃ፣ እንመለስ» አይልም። ሄሊኮፕተር ክንድን ተከትሎ የመጣውን ዓይን እንደተካ፣ አሁን ሳተላይቱ አብራሪውን እየተካ ነው። በምዕራባዊው ፓሲፊክ አብራሪው እስካሁን አለ፤ ጊዜው ግን እያጠረ ነው።

ይህን ስንጽፍ ጓደኞቻችንን እያሰብን ነው። ባሕር ዳር ባለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ተመርቀው ዛሬ በባዕድ መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ የሚሠሩ የዕድሜ እኩዮቻችን አሉ። ባሕር በሌለው አገር በጣና ዳር ተምረው ውቅያኖስ ይቀዝፋሉ። ደስ ይላል፤ ለቤተሰብ የሚላከውም ገንዘብ እውነት ነው። ግን የዚያ አብራሪ ታሪክ ለነርሱም ለኛም አንድ ነገር ይናገራል። ሙያ ብቻውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ባለቤት አያደርግም። ምን እንደምናይ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደምናይ፣ ማሽኑ ሲለወጥም ምን እንደሚቀረን ካልጠየቅን በቶን ተከፍለን በሳተላይት እንተካለን።

ደግሞ ባሕር የለንም ብለን የምንጽናናበት ነገር የለም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገቡ በኋላ፣ አጥማጆች ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ በሚሰበሰብበት ወቅት መረብ መጣል ጀመሩ። በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙት ትልልቆቹ የዓሣ ዝርያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ መመናመናቸውን አጥኚዎች አሳይተዋል። ሄሊኮፕተር አላስፈለገም። ዓሣው መቼና የት እንደሚሰበሰብ ማወቅ ብቻ በቃ። የፓሲፊኩ ታሪክ በደንገል ታንኳ አገር በትንሹ ተደገመ ማለት ነው።

እንግዲህ «መጀመሪያ ያየው ማነው?» ላለው ጓደኛችን መልሳችን ይህ ነው። ያየው ሠራተኛ ነው፤ ያየው ግን ለራሱ አልነበረም። የኛዋ መርከብም፣ የኛ ሜዳም ከፍታ ነበራቸው፤ የተጠየቁት ግን ጠላት እንዲያዩ እንጂ እንጀራ እንዲያዩ አልነበረም። ነገ ከመካከላችን አብራሪ፣ መሐንዲስ፣ የዓሣ ሊቅ፣ የሕግ ሰው ይወጣል። ያን ጊዜ ከፍ ብለን የምናየው ነገር የማን እንደሆነና መቼ «በቃ» ማለት እንዳለብን ዛሬ ብንነጋገርበት አይሻልም?

ቱናው ግን በመጨረሻ ምን ሆነ ብላችሁ ለምትጠይቁ፦ ጣሳው ለጾሙ መፍቻ ይቆይ ብለን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። የዶልፊኗ ሥዕል ወደ እኛ ዞራ ተቀምጣለች። ሽሮውን በላን።